ብቻውን ስለሚቆም እንደራሴ
የቦንጋ ሕዝብ የግል ተወዳዳሪ መርጦ ስለ ላከበት ዘመንና ከዚያ አስቀድሞ ስለ ነበረው ነገር

ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ በተነሡ ጊዜ ወይራው ቅባቱን፥ በለሱ ጣፋጭ ፍሬውን፥ ወይኑም መጠጡን መተው ስላልወደዱ ሹመቱን እንቢ እንዳሉ፥ በመጨረሻም እሾኹ እንደ ተቀበለ ኢዮአታም የተናገረው ምሳሌ በመጽሐፈ መሳፍንት የተጻፈ ስለ ሆነ ለካህናትም ለምእመናንም የታወቀ ነው። ይህ ምሳሌ በሚነገርበት ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚፈርደው በእሾኹ ላይ ብቻ ነው። ዳሩ ግን ተግሣጹ ፍሬ እያላቸው ወደ ኋላ ባሉት ላይም ይደርሳል። መልካም ሰው ለአገር ሥራ አልቆምም ቢል ቦታው ባዶ ሆኖ አይቀርምና።

ስለዚህ በኢዮቤልዩ በዓል ያለፉት ዓመታት በሚቈጠሩበት ጊዜ፥ የሕንፃውንና የንዋየ ቅድሳቱን ታሪክ ብቻ ሳይሆን፥ ምእመናኑ የሚኖሩበት አገር እንዴት እንደ ተመከረና በማን እንደ ተወከለ መመርመር የተገባ ነው። ይልቁንም የቦንጋና የከፋ ሕዝብ በ2002 ዓመተ ምሕረት ከአገሩ ሁሉ የተለየ ነገር አድርጎአልና፥ ያ ነገር ከየት እንደ መጣና ለክርስቲያን ሕሊና ምን እንደሚያስተምር በቅደም ተከተል ሊነገር ይገባዋል።

ስለ ከፋ ጥንታዊ ምክር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ 460 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ቦንጋን ያገኛል። አገሩ ዝናባም፥ ዱሩ ጥቅጥቅ ያለ፥ ቡናውም ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ነው። በዚህ አገር እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ድረስ የራሱ ንጉሥ የነበረው መንግሥት ጸንቶ ኖሯል። ንጉሡም ታቶ ይባል ነበር።

ታቶው እጅግ የተከበረና የተፈራ ቢሆንም ያለ ምክር አይገዛም ነበር። ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩት። የመንግሥቱን ታላላቅ ነገሮች የሚመክሩ፥ ንጉሥም በሞተ ጊዜ ከልጆቹ መካከል ለዙፋኑ የሚገባውን የሚመርጡ እነዚህ ነበሩ። እንግዲህ ምክርና ምርጫ ለከፋ ሰው ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ነገር ግን የቀደመውን ዘመን ማክበር ሌላ፥ ጕድለቱን መሸፈን ሌላ ነው። ሰባቱ አማካሪዎች ከከበሩ ጎሣዎች የወጡ ነበሩ። እርሻ የሚያርሰው ድኻ፥ ባሪያው፥ ከሕዝቡ ተለይቶ በዱር ዳር በአደን ይኖር የነበረውም የማንጆ ወገን በዚያ ምክር ውስጥ የሚናገርለት አልነበረውም። በግብረ ሐዋርያት ስድስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ሌላ ሰባት ሰዎች ይገኛሉ። በኢየሩሳሌም የነበሩት ምእመናን ሰባቱን ዲያቆናት የመረጡት በየቀኑ በሚሰጠው ምግብ መበለቶች ችላ ስለ ተባሉ ማጕረምረም በመነሣቱ ነበር። ቍጥራቸው አንድ ሲሆን ምክንያታቸው የተለያየ ነው። የከፋዎቹ ሰባት የቆሙት ለዙፋኑ ነው፤ የኢየሩሳሌሞቹ ሰባት የቆሙት ለተረሱት ነው። አንድ እንደራሴ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል የሚመረመረው በዚህ ነው።

ክርስትናም ወደ ከፋ የገባው በዐፄ ሠርጸ ድንግል ዘመን፥ ማለት በ16ኛው መቶ ዓመት ነው ተብሎ ይነገራል። ከዚያ በኋላ መንገዱ በጦርነት ስለ ተዘጋ የከፋ ክርስቲያኖች ከጳጳስና ከመምህር ተለይተው ብዙ ዘመን ቆዩ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ አገሩ የገባው የካፑቺን ማኅበር ሚሲዮናዊ ማሳያ ከዚያ ከጥንቱ ክርስትና የተረፈውን ቅሬታ አግኝቶአል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ከብዙ መካከል ጥቂት ሆነው፥ የሚያበረታቸው ሹም፥ የሚያስተምራቸውም ሊቅ ሳይኖር የአባቶቻቸውን ነገር ያዙ። ብቻውን መቆም በዚህ አገር ከምርጫ በፊት በሃይማኖት ታይቶአል ማለት ነው።

በ1890 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ፥ ብዙ ወራት ከፈጀ ጦርነት በኋላ፥ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር አለቃ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የመጨረሻውን ታቶ ጋኪ ሸሮቾን ማረኩ። ታቶውም ወደ መኻል አገር ተወስደው በግዞት አረፉ። ከዚያ ወዲያ በከፋ ላይ የደረሰው መከራ ታላቅ ነበር። ከጦርነቱ የተረፈው ሕዝብ ለባላባትና ለወታደር ገባር ሆነ፤ ከዚያም የከፋው በባሪያ ንግድ ምክንያት ብዙ ቤት ጠፋ፥ ታርሶ የነበረውም መሬት ዱር ሆነ። የባሪያ ነጻነት ዐዋጅ በ1916 ዓመተ ምሕረት ቢወጣም፥ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓመተ ምሕረት ነው። የእንደራሴ ነገር በከፋ ሲነሣ ይህን መርሳት አይገባም። የሚናገርለት የሌለው ሕዝብ ምን እንደሚደርስበት የከፋ ሰው ከመጽሐፍ አልተማረውም፤ ከአያቶቹ ሰማው እንጂ።

ስለ መጀመሪያዎቹ ምርጫዎች

ኢትዮጵያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያገኘችው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያ ሕግ ሁለት ምክር ቤቶች ቆሙ። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን የሚመርጡት መኳንንትና የአገር ሹማምንት እንዲሆኑ ተወሰነ። ሕዝብ በቀጥታ እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948 ዓመተ ምሕረት በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲሆን፥ የመጀመሪያው ምርጫ በ1949 ዓመተ ምሕረት ተደረገ። በዚያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ሊስተዋል ይገባል። በዚያን ዘመን ፓርቲ የሚባል ማኅበር በአገሩ አልነበረም። ለምክር ቤት የተወዳደረው ሁሉ በስሙና በዝናው፥ በዘመድና በጎረቤት ምስክርነት የቆመ ነበር። እንግዲህ የግል ተወዳዳሪ በኢትዮጵያ ከፓርቲ የሚቀድም እንጂ በኋላ የመጣ አይደለም።

ነገር ግን በግል መቆምና በቀላል ኑሮ መኖር አንድ አልነበሩም። የምርጫው ሕግ ተወዳዳሪው የተወሰነ ርስት ወይም ገንዘብ ያለው እንዲሆን ያዝዝ ነበርና፥ እንደ ከፋ ባለ ገባር በበዛበት አገር በሩ የተከፈተው ለባለ ርስት ነበር። ድኻው እንዲመርጥ ተፈቀደለት፤ እንዲመረጥ ግን ንብረቱ አልበቃውም። በጠቅላላው እስከ 1965 ዓመተ ምሕረት ድረስ አምስት ጊዜ ምርጫ ከተደረገ በኋላ ያ ምክር ቤት በ1967 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ከንጉሡ መንግሥት ጋራ ወደቀ።

ደርግ በገዛበት ዘመን ነገሩ ተገለበጠ። ርስት ለምርጫ መመዘኛ መሆኑ ቀረ፤ በእርሱ ፈንታ የአንድ ፓርቲ ፈቃድ ገባ። በ1979 ዓመተ ምሕረት የተመረጠው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባሎች ሲኖሩት፥ አገሩን የሚመራው ፓርቲ አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከ1949 እስከ 1983 ዓመተ ምሕረት በነበሩት ዘመናት ለድኻና ለነጻ ሰው ሁለት ዓይነት በር ተዘጋበት ማለት ይቻላል፤ አንዱን ገንዘብ ዘጋው፥ ሁለተኛውን ፓርቲ ዘጋው።

ስለ ደምቢ ዶሎው ሰው

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓመተ ምሕረት የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ38ኛው አንቀጽ የመምረጥና የመመረጥን መብት ለዜጎች ሁሉ ያለ ልዩነት ሰጠ። በ54ኛው አንቀጽም የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ መሆኑን ጽፎ፥ ሦስት የሚገዙትን ነገሮች ዘረዘረለት፤ እነርሱም ሕገ መንግሥቱ፥ የሕዝቡ ፈቃድና የራሱ ሕሊና ናቸው። በሦስቱ ውስጥ ፓርቲ አልተጠቀሰም። ይህም ለታሪክ ትልቅ ነገር ነው፤ ሕሊና የሚለው ቃል በሕገ መንግሥት ውስጥ ገብቶአልና።

ይህን ሕገ መንግሥት ያጸደቀውን ጉባኤ በሊቀ መንበርነት የመሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ነበሩ። የተወለዱት በ1935 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ በደምቢ ዶሎ ነው። አባታቸው ጊዳዳ ሶለን በአምስት ዓመታቸው በፈንጣጣ በሽታ ዓይናቸው የጠፋ፥ በልመናም ይኖሩ የነበሩ ሲሆኑ፥ በኋላ ወንጌልን ተምረው በምዕራብ ወለጋ የታወቁ የወንጌላውያን ማኅበር ሰባኪና መጋቢ ሆኑ። ዶክተር ነጋሶም በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ የታሪክን ትምህርት ተምረው፥ ስለ ሰዮ ኦሮሞ ታሪክ በጻፉት ድርሳን የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ነሐሴ 16 ቀን 1987 ዓመተ ምሕረትም የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በ1993 ዓመተ ምሕረት በገዢው ግንባር ውስጥ መከፋፈል በተነሣ ጊዜ ዶክተር ነጋሶ ከድርጅታቸው ተለዩ። የፕሬዚዳንትነት ዘመናቸውም መስከረም 28 ቀን 1994 ዓመተ ምሕረት ተፈጸመ። በዚያው ሰሞን ስለ ፕሬዚዳንት አስተዳደር የወጣው ቍጥር 255 ዐዋጅ፥ ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንት በፓርቲ ፖለቲካ ከገባ የሚሰጠው ጥቅም እንዲቀርበት የሚያዝዝ ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው በሁለት መንገድ መካከል ቆመ። ዝም ቢል ቤቱም መኪናውም አበሉም የእርሱ ነው፤ ቢናገር ይህን ሁሉ ያጣል።

ዶክተር ነጋሶ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓመተ ምሕረት በተደረገው ምርጫ በትውልድ አገራቸው በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው አሸነፉ። በዚያ ምርጫ ከ547ቱ ወንበሮች በግል ተወዳዳሪ የተያዘው አንድ ብቻ ነበር፤ ያም የእሳቸው ነበር። የፕሬዚዳንትነት ጥቅማቸውም ተቋረጠ። የአገር ራስ የነበረ ሰው ያለ መኪናና ያለ አጃቢ ተራ ሰው ሆኖ መኖርን መረጠ ማለት ነው። በኋላም ወደ አንድነት ለዲሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ ገብተው ሊቀ መንበሩ ሆኑ። ሚያዝያ 19 ቀን 2011 ዓመተ ምሕረት በጀርመን አገር ዐረፉ።

በዚህ ነገር ውስጥ ለሚያስተውል ሰው የተሰወረ ትምህርት አለ። በአማርኛችን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚል ምሳሌ አለ። ይህ ምሳሌ ሹመትን እንደ ማዕድ የሚያይ ነው። ነቢዩ ሳሙኤል ግን በሸመገለ ጊዜ ሕዝቡን ሰብስቦ፥ የማንን በሬ፥ የማንን አህያ ወስጃለሁ፥ ከማን እጅስ ጉቦ ተቀብያለሁ ብሎ በፊታቸው ሒሳቡን አቀረበ፤ ሕዝቡም ከማንም እንዳልወሰደ መሰከሩለት። የምሳሌው ሰው ሲሻር የሚቈጨው ያልበላው ነው፤ ሳሙኤል ግን ባለመብላቱ የሚመካበትን ምስክር አገኘ።

ስለ ቦንጋ ምርጫ

ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓመተ ምሕረት አራተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ተደረገ። ያ ወራት ለከፋ በሌላም ነገር የሚታሰብ ነው። የከፋ ዱር በዩኔስኮ የሕይወታዊ ክልል መዝገብ የተጻፈው በዚያው ሰሞን ነበር። ዓለም የከፋን ዱርና ቡና ባከበረበት ወራት የቦንጋ ሕዝብም ድምፁን ሰጠ።

የምርጫው ውጤት በተነገረ ጊዜ ከ547ቱ ወንበሮች 499ኙን ኢሕአዴግ፥ 46ቱን የእርሱ ወዳጆች የሆኑ የክልል ድርጅቶች ያዙ። ከዚህ ውጭ የቀሩት ሁለት ወንበሮች ብቻ ነበሩ። አንዱን በአዲስ አበባ የመድረክ ተወዳዳሪ አቶ ግርማ ሰይፉ አገኙ። ሁለተኛውን ያገኙት በቦንጋ በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። ከተማዎች ሁሉ፥ ታላላቅ ትምህርት ቤትና ብዙ ጋዜጣ ያለባቸው ስፍራዎችም ሳይቀሩ፥ በፓርቲ ስም ሲመርጡ፥ በግሉ የቆመ ሰው ለፌዴራል ምክር ቤት የላከው ከዱር መካከል ያለው የቦንጋ ሕዝብ ብቻ ሆነ።

ዶክተር አሸብር ለሕዝብ አዲስ ሰው አልነበሩም። አስቀድሞ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። በፌዴሬሽኑ አመራር ላይ በተነሣው ክርክር ምክንያት የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ በ2000 ዓመተ ምሕረት ኢትዮጵያን አግዶ እንደ ነበር ይታወሳል። በ2009 ዓመተ ምሕረትም የኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በሕይወት ያለን ሰው ቅዱስ ማለት ወይም መኰነን ለታሪክ ጸሓፊ አልተሰጠውም፤ ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ነውና። በዚህ ስፍራ የሚመሰገነው የመራጩ ሥራ ነው። የቦንጋ መራጭ በወረቀቱ ላይ ብዙ ኀይል ያለው ምልክት ሳለ፥ ማኅበርና ጽሕፈት ቤት የሌለውን ምልክት መረጠ።

የግል ተወዳዳሪ ሥራው ከባድ የሚሆንበትን ምክንያት መረዳት ይገባል። የፓርቲ ተወዳዳሪ ስሙ ባይታወቅ የፓርቲው ምልክት ይታወቅለታል፤ በየቀበሌው አባሎች አሉት፤ ማስታወቂያውን የሚለጥፍ፥ በምርጫው ቀን በጣቢያው ተቀምጦ ቈጠራውን የሚመለከትለት አያጣም። የግል ተወዳዳሪ ግን የድጋፍ ፊርማውን ከየሰፈሩ ራሱ ይለምናል፤ ምልክቱንም ማንበብ ለማይችለው ሰው ራሱ ያስተዋውቃል፤ ታዛቢዎቹንም ከዘመድና ከወዳጅ ይሰበስባል። እንግዲህ የግል ተወዳዳሪ ካሸነፈ ያሸነፈው በእግሩ ነው ማለት ይቻላል፤ በገበያ፥ በለቅሶ፥ በማኅበርና በዕድር ሰው ለሰው የሚተዋወቅበት አገርም ለዚህ የተመቸ ነው።

ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓመተ ምሕረት በተደረገው አምስተኛ ምርጫ ግን ወንበሮቹ ሁሉ፥ 547ቱም፥ በኢሕአዴግና በወዳጆቹ ተያዙ። በደምቢ ዶሎ በ1997፥ በቦንጋ በ2002 ዓመተ ምሕረት የታየው የአንድ ሰው ወንበር በምክር ቤቱ ውስጥ ጠፋ። በስድስተኛው ምርጫ በ2013 ዓመተ ምሕረት አራት የግል ተወዳዳሪዎች ወደ ምክር ቤት ገቡ። የከፋ ሕዝብም በዚያ ምርጫ ድምፁን የሰጠው ከሌላው አገር ዘግይቶ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓመተ ምሕረት ሲሆን፥ በዚያው ቀን ከሸካ፥ ከቤንች ሸኮ፥ ከዳውሮ፥ ከምዕራብ ኦሞና ከኮንታ ሕዝቦች ጋራ አዲስ ክልል እንዲቆም በሕዝበ ውሳኔ ወሰነ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም በኅዳር ወር ቆመ፤ ቦንጋም ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች።

አንድ ድምፅ ስላለው ጥቅምና ስላለበት ጕድለት

በዚህ ስፍራ አንድ ጥያቄ ይነሣል። 547 ወንበሮች ባሉበት ምክር ቤት ሕግ የሚጸድቀው ተገኝተው ድምፅ ከሚሰጡት አባሎች በአብላጫው ድምፅ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሕግ ሊያወጣም ሊከለክልም አይችልም። መንገድ አሠራለሁ፥ ሐኪም ቤት አመጣለሁ ብሎ ቢምልም መፈጸም አይችልም። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው መላክ ድምፅን በከንቱ ማፍሰስ አይደለምን?

መልሱ ከሌላ አገር ታሪክ ሊፈለግ ይችላል። በእንግሊዝ አገር ዊልያም ዊልበርፎርስ የሚባል ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ዓመት ወደ ፓርላማ ገባ። በወጣትነቱ የተድላ ሰው ነበረ፤ በኋላ ግን ልቡ ወደ እግዚአብሔር ስለ ተመለሰ ፓርላማውን ትቶ ለመንፈሳዊ ሥራ ሊለይ አስቦ ነበር። ወዳጆቹ ግን በዚያው በቦታው እግዚአብሔርን ማገልገል እንደሚችል መከሩት። በፓርቲ ቀንበር ሳይታሰር በሕሊናው ድምፅ እየሰጠ፥ የባሪያ ንግድ እንዲቀር ከ1789 ዓመት ጀምሮ ተከራከረ። ደጋግሞ ተሸነፈ። ሕጉ የጸደቀው በ1807 ዓመት፥ ከ18 ዓመት በኋላ ነው። ባርነት ራሱ በእንግሊዝ ግዛቶች እንዲቀር የቀረበው ሕግ በታችኛው ምክር ቤት ያለፈውም በ1833 ዓመት እርሱ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር።

በባሪያ ንግድ ቤቱ ለጠፋበት ለከፋ ሕዝብ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ድምፅ ሲሰጥ ሕጉን ባያሸንፍ፥ ዝምታውን ያሸንፋል። በመዝገብ የተጻፈ ቃሉ ለሚቀጥለው ትውልድ ምስክር ሆኖ ይቈያል። ሁሉም እሺ ባለበት ጉባኤ አንድ እንቢታ ካልተሰማ፥ በኋላ የሚመጣ ልጅ አባቶቹ ሁሉ በዚያ ነገር ተስማምተው እንደ ነበር ያምናል።

ይሁን እንጂ ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ ማየት አይገባም። ዊልበርፎርስ በፓርላማ ብቻውን ድምፅ ቢሰጥም በውጭ ብቻውን አልነበረም። ቶማስ ክላርክሰን የሚባለው ወዳጁ ወደቦቹን እየዞረ ምስክር ይሰበስብለት ነበር፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ለፓርላማ አቤቱታ ይፈርሙ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ የአንድ እንደራሴ ኀይል ከኋላው በሚቆመው ሕዝብ ይለካል። መርጦ ልኮ የተወው ሕዝብ እንደራሴውን ለብቻው ትቶታል።

ሁለተኛም በግል መቆም በራሱ ጽድቅ አይደለም። ፓርቲ ቢያንስ አባሉን ይጠይቀዋል፥ ይገሥጸዋል። የግል ተመራጭን የሚጠይቀው ማነው? ከመራጩ በቀር ማንም የለም። መራጩ ካልጠየቀው ነጻነቱ ወደ ግል ጥቅም ሊዞር ይችላል። ስለዚህ የግል ተመራጭ ከሁሉ ይልቅ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ እግዚአብሔርን መፍራትና በጥቂት መኖርን።

በጥቂት መኖር ለጌጥ የሚነገር በጎነት አይደለም፤ ለነጻ ሕሊና መሠረት ነው። ዮቶር ለሙሴ የሕዝቡን አለቆች እንዲመርጥ በመከረው ጊዜ ዕውቀትን ብቻ አላሳሰበውም፤ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፥ እውነተኞች፥ የግፍን ረብ የሚጠሉ ይሁኑ አለው እንጂ። ምክንያቱም ግልጥ ነው። ብዙ የሚያስፈልገው ሰው በብዙ እጀታ ይያዛል፤ ቤቱ አንድ እጀታ ነው፥ መኪናው ሁለተኛ እጀታ ነው፥ አበሉ ሦስተኛ እጀታ ነው። ጥቂት የሚበቃው ሰው ግን የሚያዝበት የለውም። ዐዋጅ ቍጥር 255 በዶክተር ነጋሶ ላይ የሠራው ጥቅማቸውን በመቍረጥ ነው፤ ቃላቸውን ግን ሊቈርጥ አልቻለም፤ ያለ ጥቅሙ መኖር ችለዋልና።

ስለ ምእመናን ድርሻ

የቤተ ክርስቲያን ልጆች ምርጫን የሚያውቁት ከመንግሥት ጣቢያ ብቻ አይደለም። በ1965 ዓመተ ምሕረት ቃለ ዓዋዲ ከወጣ ወዲህ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ከካህናት፥ ከምእመናንና ከወጣቶች እየተመረጠ ይቆማል። የደብሩን ሙዳየ ምጽዋት የሚቈጥረው፥ የካህናቱን ደመወዝ የሚከፍለው፥ የሕንፃውን ሥራ የሚከታተለው ይህ ጉባኤ ነው። በዚህ ምርጫ ዘመድን ለዘመድነቱ፥ ባለጠጋን ለባለጠግነቱ የመረጠ ምእመን፥ ለአገር እንደራሴ ሲመርጥ ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም። በትንሹ የታመነ በትልቁም ይታመናልና፥ የአገር ምርጫ የሚለመደው በአጥቢያ ነው።

ካህን ደግሞ ከዐውደ ምሕረት ላይ እገሌን ምረጡ ሊል አይገባውም። በአንድ ጽዋ የሚቀርቡ ልጆች በምርጫ ምክንያት እንዳይለያዩ መጠበቅ የእርሱ ድርሻ ነው። ነገር ግን ጉቦ ኃጢአት መሆኑን፥ በሐሰት መመስከርም ነፍስን እንደሚጐዳ፥ ድምፅን በጨውና በገንዘብ መሸጥ ብኵርናን እንደ መሸጥ መሆኑን ሊያስተምር ይገባዋል። ዔሳው ለአንድ ወጭት ምስር የሸጠው ነገር ምን ያህል እንደ ነበረ የታወቀው ከበላ በኋላ ነውና።

ጾምም ለዚህ ታላቅ ትምህርት ቤት ነው። ይህችን ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሕዝብ በየዓመቱ ከግማሽ የሚበልጠውን ቀን በጾም ያሳልፋል። ጾም ሆድን፥ ይበቃል ማለትን ያስተምረዋል። ይበቃል ማለትን የተማረ ሆድ ያለው ሰው ቢሾም አይሰርቅም፤ ቢሻር አይቈጨውም። ከዚህ ሕዝብ መካከል በጥቂት የሚኖር፥ እውነትን የሚናገር፥ ብቻውን ለመቆም የማይፈራ እንደራሴ ቢወጣ ሊያስደንቅ አይገባም። ባይወጣ ግን ሊያሳስብ ይገባል።

በኦሪት ሕግ ኢዮቤልዩ የደስታ ዓመት ብቻ አልነበረም። መለከት በተነፋ ጊዜ ባሪያው ነጻ ይወጣ፥ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለስ ነበር። እንግዲህ ይህን በዓል የሚያከብር ምእመን የቀደሙትን ሰዎች ሊያስብ ይገባዋል፤ ታቶው በተማረኩ ጊዜ ቤታቸው የፈረሰውን፥ ተሸጠው ያልተመለሱትን፥ በሰባቱ አማካሪዎች መካከል የሚናገርላቸው ያልነበራቸውን። የእነርሱ የልጅ ልጆች ዛሬ ድምፅ አላቸው። በ2002 ዓመተ ምሕረት ያንን ድምፅ ማንም እንደማይሰጥላቸው፥ ማንም እንደማይቀማቸው አሳይተዋል። ወደ ፊትም የሚሾመው ወይራው ይሁን ወይም እሾኹ፥ የሚወሰነው ፍሬ ያለው ሰው አልሄድም ባለማለቱና ሕዝቡም አንተ ሂድልን ለማለት ባለመፍራቱ ነው።

እግዚአብሔር ለአገራችን በእውነት የሚመክሩ ሰዎችን ያስነሣልን። አሜን።